የጋሽ ደምሴ ፊት በሃምሳ አምስት ኢንች

ጡረታ ወጥቻለሁ ስል ሰው ይስቃል። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ምን ጡረታ አለው ይሉኛል። እኔ ግን የምሬን ነው። የወጣሁት ከቲቪ ነው። አሁን ባጃጅ ነው የምነዳው፤ ከአቃቂ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቱሉ ዲምቱ አቃቂ፣ ያው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ። ስሜ ቢኒያም ነው፤ እንደዛ ብላ የምትጠራኝ ግን እናቴ ብቻ ናት። ሰፈሩ "ኢንች" ነው የሚለኝ። "ኢንች፣ ወራጅ" ይሉኛል ከኋላ ሆነው። ሱቅ እያለሁ ሰው ሲገባ ቁመቱን በኢንች እገምት ስለነበር ነው። አጭር ሰው ሲመጣ "ሠላሳ ሁለት ገባ" እላለሁ፣ ሱቁ ይስቃል። ያን ጊዜ መሳቅ አይደክመኝም ነበር።

ጉራ አይሁንብኝና ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ቱሉ ዲምቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ጠፍጣፋ ቲቪ ግማሹን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ግማሹ ከበዛ ሩቡን። ከኔ በላይ ሸጫለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ፤ ማታ ማታ ባጃጅ ተራው ጋ አለሁ።

ትምህርትና እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው። እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልለመንኩት፣ በሰላም ተፋታን። ማንበብ ያስተማረኝ ካርቶን ነው። መጀመሪያ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ነበርኩ። ብርጭቆ የተሳለበት ካርቶን ቀስ ተብሎ ይወርዳል፤ ዣንጥላ ያለበትን ዝናብ አይንካው፤ ቀስቱ ወደ ሰማይ ይሁን። የኔ ሀ ሁ ይሄ ነው። ከዛ ሳሪስ አንድ ሱቅ ገባሁ። የዛ ሱቅ አለቃ ዕውቀቱ ድምፅ ነው፤ ስፒከር በር ላይ ደርድሮ ይለቀዋል፣ ሰው ዕቃ ሊገዛ ሳይሆን መንገዱን አቋርጦ ሊያመልጥ ነበር የሚሮጠው። ጆሮዬ ሲጮህብኝ ተውኩት።

ከዛ ነው አቃቂ ሐጂ ሰይድ ጋ የገባሁት። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ቲቪ እያሉ እዚሁ አቃቂ ያረጁ። ሰው ላይ አይጮሁም። ደሞዙ ያው ደሞዝ ነው፣ ስለሱ አላወራም።

ጊዜው የኮንዶሚኒየም ጊዜ ነበር። ዕጣ የወጣለት ሁሉ ቁልፉን እንደተቀበለ መጀመሪያ የሚያስበው ቲቪ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ውሃው አልገባም፣ በሩ በሽቦ ነው የታሰረው፣ ቲቪው ግን ተሰቅሏል። አቃቂ ደግሞ ቲቪ ብቻውን የሚገዛ ሰው የለም። ሽማግሌ የሚልኩ ነው የሚመስለው፤ ባል፣ ሚስት፣ አማት፣ ጎረቤት፣ አንድ ደግሞ "የሚያውቅ ሰው"። የሚያውቀው ሰው ድሮ አንድ ቀን ሬዲዮ ፈቶ የገጠመ ነው። ሲገጥመው አንድ ብሎን ተርፎታል፣ እሱን ግን አያወራም። ገብቶ የቲቪውን ጀርባ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ሐብሐብ የሚመርጥ ነው የሚመስለው። እናቶች በስንዝር ይለካሉ። ከዛ ደግሞ የሁሉም አማት አንድ ጥያቄ አላት፦ "ዳንቴሉ የት ላይ ነው የሚቀመጠው?" የድሮ ቲቪ ጀርባው እንደ በሬ ሻኛ ነበር፣ ዳንቴል ይሸከማል። የዛሬው ቀጭን ነው፣ ያለብሱትና ሸርተት ብሎ ይወድቃል። በዳንቴል ምክንያት ሽያጭ ያጣሁበት ቀን አለ፣ ሙት።

የኔ መሣሪያ ዓሣ ነበር። ትልልቆቹ ቲቪዎች ሲመጡ ማሳያ ፍላሽ አብሮ ይመጣል፤ ባሕር ውስጥ ዓሣ ይዋኛል፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ አበባ ይፈነዳል፣ ጠብታ ቅጠል ላይ ትንከባለላለች። መጋረጃውን እስባለሁ፣ ሱቁ ይጨልማል፣ ከዛ ዓሣውን እለቀዋለሁ። ሰው አፉን ከፍቶ ይቀራል። አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ እጁን ልኮ ስክሪኑን ነክቶ እጁን አይቷል፣ ረጥቦ እንደሆነ።

ጋሽ ወልዴ ዓሣውን ይጠሉት ነበር። "ይሄን ዓሣ በሕይወትህ አይተኸዋል?" ይሉኛል። አላየሁትም እላለሁ። "ታዲያ ቀለሙ ልክ ይሁን አይሁን በምን አወቅህ?" ይላሉ።

ጋሽ ወልዴ ማለት የሱቃችን ጠጋኝ ናቸው። ጥግ ላይ ጠረጴዛ አላቸው፤ ቲቪ እንደ ቁም ሳጥን በር ከነበረው ጊዜ ጀምሮ ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ ሰው። ትልቅ ገዢ ሲመጣ ሐጂ "ወልዴ ያሳያቸው" ይላሉ፣ እኔ እናደዳለሁ። ምክንያቱም ጋሽ ወልዴ ሲያሳዩ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ቲቪውን አጥፍተው ነው የሚያሳዩት። "ጠፍቶ እዩት" ይላሉ። ሰውየው ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጦ ይቆማል። እሳቸው እቴ፣ "ምን ይታያችኋል?" ይላሉ። መስኮቱና የራሳችን ፊት፣ ይባላል። "እንግዲህ በኛ መብራት ይሄ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ይሄንኑ ነው የሚያሳያችሁ። ሳሎናችሁ መስኮቱ በየት በኩል ነው?" ከዛ ወንበር ያመጣሉ። ቤት የምትርቁትን ያህል ራቁ ብለው ያስቀምጧቸዋል። ከዛ የሱቅ ሙዱን ያጠፋሉ። ቲቪ ከፋብሪካ ሲመጣ ለሱቅ የሚሆን ሙድ አለው፣ ብርሃኑም ቀለሙም እላዩ ላይ ፈሶ። "ሜካፑን እጠቡላትና እዩዋት" ይላሉ። ሲታጠብ ቲቪው ይገረጣል፣ የኔ ልብ አብሮ ይገረጣል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰውን "ቤት የምታዩትን ይዛችሁ ኑ" ይሉታል። እቤቱ ያለውን፤ የሰርግ ቪዲዮ፣ የክርስትና፣ የምረቃ፣ ምንም ይሁን። አቃቂ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ የሌለው ቤት የለም። ጋሽ ወልዴ የሰው ሰርግ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ሙሽሮቹን በስም ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ ቪዲዮው ሲጀምር ቲቪውን አያዩም። ጀርባቸውን ለስክሪኑ ይሰጡና ፊታቸውን ወደ ገዢው አዙረው ይቆማሉ። አንድ ቀን ምን እያዩ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ቲቪው የሚያሳየውን አውቀዋለሁ" አሉኝ። "የማላውቀው ሰውየውን ነው።"

እኔ ለጓደኞቼ ይሄን እየቀዳሁ አስቃቸው ነበር። ጀርባዬን ለቲቪ ሰጥቼ፣ መነጽር አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አድርጌ። ጥሩ እቀዳቸዋለሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ ነበር፣ ፋሲካ ሊገባ ሲል። ጋሽ ወልዴ ለቅሶ ሄደዋል። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ማለት ንጉሥ ነኝ። ሦስት ሰው ገባ። ትዕግሥት የምትባል መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ባሏ ዳዊት፣ ቂሊንጦ የፋብሪካ ሰርቪስ ሹፌር፣ እና እናቷ እትዬ አስካለ። እትዬ አስካለ ብቻቸውን የሚኖሩት እዚሁ አቃቂ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካሉት አሮጌ ቤቶች ባንዱ ነው። ባላቸው ጋሽ ደምሴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፣ አርፈዋል። ልጅና አማች ተጋግዘው ለእናትየው የፋሲካ ቲቪ ሊገዙ ነው የመጡት። ከዛ በፊት የነበራቸው ጀርባ ያላት ሃያ አንድ ኢንች ነበረች።

ሱቁ ውስጥ ያለውን ትልቁን ነበር እኔ ያየሁላቸው፤ ሃምሳ አምስት ኢንች፣ ስማርት፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሳሳ። መጋረጃውን ሳብኩ፣ ዓሣውን ለቀቅኩት። ዳዊት "ስማርት ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ የሚያውቀው ሰው እሱ ነበር መሰለኝ። ትዕግሥት እናቷን እያየች ፈገግ ትላለች። እትዬ አስካለ ዓሣውን ትንሽ አዩና ወደኔ ዞሩ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ደምሴን ያሳያል?"

ትዕግሥት ነገረችኝ። ጋሽ ደምሴ ፎቶ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ ቤት ያለው የፋብሪካ መታወቂያቸው ላይ ያለች ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት። ሲንቀሳቀሱ የሚታዩት አንድ ቦታ ነው፤ የትዕግሥት ሰርግ ቪዲዮ ላይ፣ ሙሽሮቹ ጉልበት ሲስሙ ሲመርቁ። እትዬ አስካለ እሱን ነው የሚያዩት። ሌላ ነገር እምብዛም አያዩም። ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ አሁን በትልቁ ይዩት ብለን ነው፣ አለችኝ።

እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን ከፈቱ። በመሐረብ የተጠቀለለ ሲዲ አወጡ። ሳይጠየቁ ይዘው መጥተዋል። ጋሽ ወልዴ ቢኖሩ ቆመው ነበር የሚቀበሏቸው።

እኔ ምን አልኩ። "እማማ፣ እሱን እንኳን ለቤት ያስቀምጡት፣ እዚህ አቧራ ነው" አልኩ። የሲዲ ማጫወቻው ዴክ ጥግ ላይ ነበር፣ ገመዱን ፈልጌ እስክሰካው ዓሣው ይቋረጥብኛል፣ በዓል ነው፣ በር ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ደግሞ ከልቤ ነው ያመንኩት። ዓሣን እንዲህ ያሳየ ቲቪ ጋሽ ደምሴን የማያሳይበት ምን ምክንያት አለ። "ይሄ ቲቪ እኮ ከፊትዎ ነው የሚያስቀምጣቸው። ሰላም ካላሉዎት እኔን ይጥሩኝ" አልኳቸው። ሳቁ። ሲዲውን መልሰው ጠቀለሉት። ከዛ ቲቪውን መረቁት፣ እኔንም መረቁኝ። አሮጌዋን ቲቪ ሐጂ ተቀብለው ቀነሱላቸውና ለኔ ለበዓል ሰጡኝ። የቲቪ ሻጭ ቤት ቲቪ የገባው ያን ቀን ነው፣ እስከዛ ድረስ የጎረቤት ነበር የማየው።

ከበዓሉ በኋላ እትዬ አስካለ ብቻቸውን መጡ። ነጠላቸውን ተከናንበው ሱቁ በር ላይ ቆሙ፣ የሚሰርቁ ነው የሚመስሉት። ጋሽ ወልዴ ጠረጴዛቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል፣ አላዩንም። እትዬ አስካለ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብለው ለትዕግሥት እንዳትነግራት አሉኝ። ምን ሆነ ብላቸው፣ "ሰውየው ሌላ ሆነብኝ" አሉ።

አብሬያቸው ሄድኩ። ቲቪው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ክፍሏ ትንሽ ናት፣ እሱ ነው ክፍሉን የያዘው። ላዩ ላይ ዳንቴል በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ተንጠልጥሏል፣ አትጠይቁኝ። ሲዲውን ዴክ ውስጥ ከተትኩ። ሰርጉ ጀመረ። ድንኳን፣ ጭብጨባ፣ ዳዊት በላብ ረጥቦ። ከዛ ጋሽ ደምሴ ወንበር ላይ ተቀምጠው መጡ። ሰፊ ሰው ናቸው፣ ፊታቸው እንደ ዳቦ ወደ ጎን የወጣ።

"ይሄማ ደምሴ አይደለም" አሉ እትዬ አስካለ። "ደምሴ እንዲህ ወፍሮ አያውቅም። እኔ ነኝ ሳበላው የኖርኩት።"

ይሄማ ቀላል ነው። የድሮ ቪዲዮ ጠባብ ነው፣ አዲሱ ቲቪ ስፋቱን ለመሙላት ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ሪሞቱን አንስቼ አስተካከልኩ፣ ጋሽ ደምሴ ቀጠኑ። "ይኸው፣ በአንድ ቁልፍ አሠራሁልዎት፣ ጂም አያስፈልግም" አልኩ። ሳቅ ብለው ተነሱና ወደ ቲቪው ጠጋ አሉ፣ ዓይናቸው ስለማይደርስ። ሲጠጉ ፊቱ ሸሻቸው። ከሩቅ ሰው የሚመስለው ከቅርብ እንደ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ጥርብ ጥርብ ነው። አፍንጫ አለ፣ ጥቁር ነገር አለ፣ ዓይን የለም። ምርቃቱ ይሰማል፤ "ውለዱ፣ ክበዱ"፣ ሰው "አሜን" ይላል። እትዬ አስካለ ግን ምርቃቱን አይደለም የሚጠብቁት።

ያን ቀን ነው የነገሩኝ። ጋሽ ደምሴ መርቀው ሲጨርሱ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ ያደርጉና ቀና ይላሉ። ሰው ካሜራውን ያዩ ይመስለዋል። "ካሜራውን አይደለም" አሉኝ። "እኔ ከካሜራው ጎን ቆሜ ነበር። ጨረስን፣ ዳርናት፣ ሲለኝ ነው። በአፉ እንዲህ ያለ ነገር ብሎኝ አያውቅም፣ ደምሴ ተናጋሪ አይደለም። ያቺን እይታውን ነው የማየው።" ድሮ በሃያ አንዷ ኢንች በየቀኑ ያዩዋት ነበር። አሁን ሃምሳ አምስት ኢንች ላይ የለችም።

ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ፣ እኔ እየተመላለስኩ ነው። ብርሃኑን ቀነስኩ፣ ቀለሙን ቀነስኩ፣ ኬብል ለወጥኩ፣ ሲዲውን ፍላሽ ላይ ገልብጬ አመጣሁ፣ ባሰበት። ጉራዬ እየቀነሰ መጣ። መጀመሪያ ቀን "ለኔ ተዉት" ነበር የምለው፣ ከዛ "እንሞክራለን" ሆነ፣ ከዛ ዝም። እትዬ አስካለ ሻይ ያፈሉልኛል፣ አይናደዱም። ቢናደዱ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ልመልሰውና ይቀይሩት ብላቸው ደነገጡ፤ ልጄ ሳትበላ ነው የገዛችው፣ እንዳልተመቸኝ ካወቀች ታዝናለች፣ አሉ። ስትመጣ ከፍተው ያዩላታል። "ደስ ይላል፣ ሰፊ ነው" ይሏታል። ለብቻቸው ሲሆኑ ያጠፉታል።

በመጨረሻ ለጋሽ ወልዴ ነገርኳቸው። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ሬዲዮ ሆዱ ተከፍቶ ተጋድሟል። መበየጃውን አስቀመጡ። ሊገዙ የመጡ ቀን ሲዲውን ይዘው ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። በመሐረብ ጠቅልለው፣ አልኩ። መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ፣ ተከተልኳቸው። መንገዱን ሙሉ ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄያለሁ። ስለ ባቡር ሐዲዱ ነበር የሚያወሩት፣ ድሮ እንዴት እንደነበር።

ስንደርስ መብራት የለም። ጋሽ ወልዴ ወንበር ስበው ከቲቪው ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ የጠፋውን ስክሪን ያያሉ። መስኮቱ፣ አልጋው፣ ሦስታችን፣ ሁሉም ውስጡ ይታያል።

"ወይዘሮ አስካለ፣ ቀን ቀን ምን ያሳይዎታል?" አሉ።

"ቀን ቀንማ ራሴን ነው የማየው" አሉ እትዬ አስካለ። "እንዳረጀሁ ያወቅኩት ይሄን ቲቪ ከገዙልኝ ወዲህ ነው።"

ጋሽ ወልዴ ሳቁ፣ እሳቸውም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ ቀልድ የኔ ሥራ ነበር።

መብራት መጣ። ሲዲው ገባ። ጋሽ ወልዴ ተነስተው ጀርባቸውን ለቲቪው ሰጡና እትዬ አስካለን እያዩ ቆሙ። ቪዲዮው ጉልበት መሳሙ ጋ ደረሰ፣ ምርቃቱ ጋ ደረሰ፣ አለፈ። ጋሽ ወልዴ አንድም ጊዜ አልዞሩም። ከዛ "ዝጋው" አሉኝ።

ልከራከር ሞከርኩ። ይሄ እኮ ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ የተሻለው ነው፣ አልኩ።

"የተሻለ ነው፣ ማን ካደህ" አሉ። ዝቅ ብለው የሹራቤን ጫፍ ያዙና ለጠጡት። "ሹራብ ስትለጥጠው ይሰፋል። ክሩ ግን ያው ነው። የሚጨመረው ቀዳዳው ነው።" ለቀቁት። "የድሮዋ ቲቪ የት ደረሰች?"

እቤቴ ነበረች። አልጋዬ ግርጌ፣ ካርቶን ላይ። ማታ ማታ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ኳስ ያዩባታል፣ እኔ "ባለቲቪ" ሆኜ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የት ይቀመጥ እያልኩ አስተናግዳለሁ። በሕይወቴ ባለ ነገር የተባልኩት በሷ ነው። አለች አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

"ጥሩ። መጥታ ትስራ" አሉ ጋሽ ወልዴ።

ያቺ ቲቪ ሃያ አንድ ኢንች ትሁን እንጂ ክብደቷ የጥጃ ነው። ተሸካሚ ነበርኩ፣ አውቃለሁ። በባጃጅ ነው የወሰድኳት፣ ጭኔ ላይ፣ ስክሪኗን ወደ ሆዴ አድርጌ አቅፌ። ሹፌሩ የሰፈሬ ልጅ ነው፣ ኢንች ሚስት አገባህ እንዴ እያለ ሳቀብኝ። ኮረኮንቹ ላይ ሲዘል እግሬ ደነዘዘ። ያን ቀን ሹፌሩን አየሁትና ቀናሁበት። ሰው ይጭናል፣ ያደርሳል፣ አለቀ። ያደረሰው ሰው በማግስቱ መጥቶ "አልደረስኩም" አይለውም። ይሄን ሥራ የመረጥኩት እዛች መንገድ ላይ ነው፣ ቲቪ ታቅፌ።

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ነበር የጠበቁን። ቲቪዋን ሲያዩ "መጣሽ" አሏት። ጋሽ ወልዴ ቀድመው መጥተው በርጩማ አዘጋጅተዋል፣ ከትልቁ ቲቪ ሥር። ቢጫውን፣ ቀዩን፣ ነጩን ገመድ ሰካሁ። ጋሽ ወልዴ ከትልቁ ላይ ዳንቴሉን ፈተው ለእትዬ አስካለ ሰጧቸው። እሳቸው አሮጌዋ ጀርባ ላይ አነጠፉት። አልተንሸራተተም።

ትዕግሥት መጣች። ማንም አልጠራትም፣ ከሥራ ስትወጣ እናቷን ልታይ ነው። በሩ ላይ ቆማ ሁለቱን ቲቪ አየች፣ እኔን አየች፣ አንገቴን ደፋሁ። እናቷ ፊት ላይ የተያዘ ሌባ ዓይነት ነገር መጣ።

"እማዬ፣ አልወደድሽውም ነበር እንዴ?"

"ወድጄዋለሁ" አሉ። "በሱ ዜና አያለሁ። አባትሽ ግን ጠባብ ቤት ነው የለመደው።"

ትዕግሥት ጫማዋን አውልቃ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ሲዲው ገባ። አሮጌዋ ቲቪ እንደ ድሮው ጥዝ ብላ፣ ወዝወዝ ብላ በራች። ድንኳን፣ ጭብጨባ፣ ዳዊት በላብ። ከሩቅ አይደለም፣ እትዬ አስካለ አፍንጫቸው ሊነካት እስኪደርስ ነው የተጠጉት። ምርቃቱ ተጀመረ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ ቤታችሁ እንግዳ አይጣ። ትዕግሥት አሜን አለች። እትዬ አስካለ አሜን አሉ። ጋሽ ወልዴም ከጥግ አሜን አሉ፣ የማያውቁት ሰው ሲመርቅ።

ምርቃቱ አለቀ። እትዬ አስካለ እጃቸውን አነሱ፣ ነጠላቸውን ከራሳቸው መለስ አደረጉ፣ ሰው እንግዳ ሲገባበት እንደሚያደርገው።

"ይኸው" አሉ። "አየኝ።"

ከዛ በኋላ ሱቅ ውስጥ ብዙ አልቆየሁም። መጋረጃውን ስስብ ይደክመኝ ጀመር፣ ዓሣው ሲመጣ ይደክመኝ ጀመር። ገዢውን ቤት ምን ታያላችሁ እያልኩ ስጠይቅ ሐጂ ሰይድ ሰምተው ወልዴ ሁለት ሆነብኝ አሉ። ጋሽ ወልዴም ዓይናቸው እምቢ ሲላቸው ጠረጴዛቸውን ዘግተው ቤት ገቡ። እኔም ወጣሁ። ቤቴ ዛሬም ቲቪ የለም። ልጆቹ አስር ጊዜ ይሰድቡኛል፣ ቲቪ ሻጭ ነበርኩ ትላለህ ወሬኛ ይሉኛል።

ሰው የጋሽ ደምሴ ፊት እንዴት ነበር፣ እንዴት አድርገው ነው ያዩዋቸው ብሎ ይጠይቀኛል፣ ታሪኩን ስነግረው። እኔ አላየሁም። ቲቪዋ አጠገብ ነበር የቆምኩት፣ ጀርባዬን ሰጥቻት።